ደም እንደሚዞር በስሌት ያስረዳው ሐኪም፤ የዊልያም ሐርቬ የሕይወት ታሪክ

በአገራችን ቋንቋ ልብ የሚለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት። አስተዋይ ሰው ልባም ይባላል፤ ማስተዋል የጎደለው ልበ ቢስ ይባላል፤ ተማሪ ትምህርቱን ሳያዳምጥ ሲቀር መምህሩ ልብ በል ይለዋል። ፍቅርም ቂምም፣ ድፍረትም ፍርሃትም ማደሪያቸው ልብ እንደ ሆነ አድርገን እንናገራለን። ስለ ሥጋዊው ልብ ግን፣ ይኸውም በደረታችን ውስጥ ከጡጫችን እምብዛም ሳይበልጥ ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት ስለሚመታው አካል፣ የምናውቀው ከምንናገረው እጅግ ያነሰ ነው። የሰው ልጅም በጠቅላላው እስከ 1628 ዓመተ ምሕረት ድረስ የዚህን አካል እውነተኛ ሥራ ተሟልቶ ሳይገለጽለት ኖሯል። በዚያ ዓመት የልብን ሥራ ገልጦ ያስረዳው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሐርቬ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሐኪም መጻፍ የሐኪሞች ፋንታ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ አስተምራለሁ እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ይህን ሰው እንድመርጥ ያደረገኝ ምክንያት አለ። ማስተማር በጀመርሁባቸው ዓመታት የደምን ዝውውር ሳስተምር በሰሌዳው ላይ በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ የልብን ሥዕል ሥዬ፣ የክፍሎቹን ስም አስጠንቼ፣ ፈተና ሰጥቼ አልፍ ነበር። አንድ ቀን ከዕጩ መምህራኑ አንዱ እጁን አነሣና፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያው የወጣው ደም መሆኑን፣ በየጊዜው የሚሠራ አዲስ ደም አለመሆኑን በምን እናውቃለን ብሎ ጠየቀኝ። እኔም መጽሐፉ እንዲህ ስለሚል ነው ብዬ መለስሁለት። ልጁ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ኋላ የሐርቬን ታሪክ ሳነብ፣ ያን ቀን የሰጠሁት መልስ የሐርቬ ተቃዋሚዎች ከሰጡት መልስ ጋር አንድ መሆኑን ተረድቼ አፈርሁ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ተማሪ ሳልሰጠው የቀረሁት መልስ ነው።

ሐርቬ ምን እንዳደረገ ለማወቅ አስቀድሞ ከእርሱ በፊት የነበረውን ትምህርት ማወቅ ያስፈልጋል። በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው፣ በትንሹ እስያ በጴርጋሞን ከተማ ተወልዶ በሮም የታወቀው ታላቁ ሐኪም ጋሌኖስ፣ የምንበላው ምግብ በጉበት ውስጥ ወደ ደም ይለወጣል፤ ደሙም ከጉበት ተነሥቶ በደም ሥሮች ወደ ሰውነት ሁሉ ይፈሳል ብሎ አስተማረ። የመስኖ ውኃ በእርሻው ላይ ፈስሶ አፈሩ እንደሚመጠው፣ ደሙንም ሥጋው ይመጠዋል፤ ስለዚህ ተመልሶ አይመጣም ማለት ነው። ከደሙ ጥቂቱ ደግሞ የልብን ቀኝና ግራ በሚለየው ግድግዳ ላይ ባሉ በማይታዩ ቀዳዳዎች ያልፋል አለ። ጋሌኖስ በእውነቱ ብዙ የመረመረና ብዙ የጠቀመ ሊቅ ነበረ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን አብዛኞቹ ምርመራውን ትተው ቃሉን ብቻ ያዙ፤ በዚህም ሁኔታ ከ1400 ዓመት በላይ አለፈ።

በመካከሉ የተጠራጠረ አልነበረም ማለት አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት በካይሮ የኖረው ሐኪም ኢብን አል ናፊስ በልብ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ እንደሌለ፣ ደሙ ከቀኝ ወደ ግራ የሚያልፈው በሳምባ በኩል ዞሮ እንደ ሆነ ጽፏል። በአውሮፓም ሚካኤል ሰርቬቱስ በ1553፣ ሪያልዶ ኮሎምቦ በ1559 በታተሙ መጻሕፍቶቻቸው ይህንኑ የሳምባ መንገድ ገልጠዋል። ነገር ግን ደሙ መላውን ሰውነት ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ በማስረጃ ያጸና እስከ ሐርቬ ድረስ አልተገኘም።

ዊልያም ሐርቬ ኤፕሪል 1 ቀን 1578 በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት አውራጃ፣ ፎክስተን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ ቶማስ ሐርቬ በንግድ የበለጸገና የከተማይቱ ከንቲባ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነበረ። ዊልያም ከሰባት ወንዶች ልጆች ታላቁ ነው። ከወንድሞቹ ብዙዎቹ ወደ ንግድ ሲገቡ እርሱ ወደ ትምህርት አዘነበለ። በካንተርበሪ የንጉሥ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በ15 ዓመቱ ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1597 የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ።

በዚያ ዘመን ሕክምናን ጠልቆ ለመማር የሚሻ ሁሉ የሚመኘው በኢጣልያ የሚገኘውን የፓዱዋን ዩኒቨርሲቲ ነበረ። ሐርቬም ወደዚያ ሄደ። መምህሩ ፋብሪሲዩስ የሚባል ስመ ጥር የአካል ጥናት ሊቅ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ በጠባብ ክብ አዳራሽ ውስጥ እርከን በእርከን ቆመው የሬሳ ምርመራ ሲደረግ ይመለከቱ ነበር። ጋሊሌዎ ጋሊሌይም በእነዚያው ዓመታት በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ነበረ። ፋብሪሲዩስ ደምን ወደ ልብ በሚመልሱት ሥሮች ውስጥ እንደ ትንንሽ የበር መዝጊያ ያሉ ስስ ሽፋኖች መኖራቸውን ለተማሪዎቹ ያሳይ ነበር። ስለ ጥቅማቸው ሲናገር ግን፣ ደሙ በብዛት ወደ እጅና ወደ እግር እንዳይወርድ ያዘገዩታል ይል ነበር። ሐርቬ በሸመገለ ጊዜ ለሊቁ ሮበርት ቦይል እንደ ነገረው፣ የዝውውርን አሳብ መጀመሪያ ያሳደሩበት እነዚህ መዝጊያዎች ናቸው። ሁሉም የሚከፈቱት ወደ ልብ አቅጣጫ ብቻ ነበርና። መምህሩ በሩን አገኘ፤ ተማሪው በሩ ወደየት እንደሚከፈት ጠየቀ።

ሐርቬ ኤፕሪል 25 ቀን 1602 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀብሎ ወደ ለንደን ተመለሰ። በ1604 የንግሥት ኤልሳቤጥ ሐኪም የነበረውን የላንስሎት ብራውንን ልጅ ኤልሳቤጥን አገባ፤ ልጅ ግን አልወለዱም። በ1607 የለንደን የሐኪሞች ኮሌጅ ሙሉ አባል፣ በ1609 የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሐኪም ሆነ። ኮሌጁ በ1615 የአካል ጥናት መምህር አድርጎ ሾመውና በ1616 ትምህርቱን መስጠት ጀመረ። ከ1618 ጀምሮ የንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ፣ ከእርሳቸውም በኋላ የልጃቸው የንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ሐኪም ሆኖ አገለገለ። ሰውነቱ አጭር፣ ዐይኖቹ ትንንሽና እጅግ ጥቁር እንደ ነበሩ የሚያውቀው ጆን ኦብሪ ጽፏል። እንዲሁም የቡና ቤቶች በለንደን ገና ሳይለመዱ ከወንድሙ ከኤልያብ ጋር ቡና ይጠጣ እንደ ነበረ ኦብሪ ይመሰክራል። የትውልድ አገሩ የእኛ ምድር የሆነው ቡና በየመንና በቱርክ በኩል ዞሮ የዚህን ሊቅ ገበታ ማግኘቱ ለእኛ ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው።

ቀን በሽተኞችን እየጎበኘ፣ በተረፈው ጊዜ እንስሳትን ይመረምር ነበር። የልብን እንቅስቃሴ በመጀመሪያ ሲመለከት ፍጥነቱ ስላወከው፣ ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው ወደሚል አሳብ ደርሶ እንደ ነበረ ራሱ ጽፏል። ኋላ ግን ዘዴ አገኘ። ልባቸው ቀስ እያለ የሚመታውን እንቁራሪትን፣ እባብንና ዓሣን፣ እንዲሁም ለመሞት የተቃረቡ እንስሳትን ልብ ይመለከት ጀመር። በዚህም ልብ ሥራውን የሚሠራው ሲጨማደድ መሆኑን፣ በተጨማደደም ጊዜ ደሙን ገፍቶ ወደ ደም ቅዳ ሥሮች እንደሚያስወጣ፣ በእጃችን ላይ የምንዳስሰውም ትርታ ከዚያ ግፊት የሚመጣ መሆኑን አረጋገጠ።

እዚህ ላይ፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሐርቬ ከሐኪምነት ወደ ሒሳበኛነት ተሻገረ። ልብ ደም የሚገፋ ከሆነ በአንድ ጊዜ ስንት ይገፋል? በግማሽ ሰዓትስ ስንት ይሆናል? ብሎ ጠየቀ። በሬሳ ላይ ሲለካ የልብ ግራ ታችኛ ክፍል ከሁለት ኦንስ በላይ ደም ይዞ አገኘ፤ ኦንስ ከእኛ ወቄት ጥቂት የሚበልጥ ሚዛን ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ምት ይወጣል ብሎ ሊነሣ ይችል ነበር፤ ግን አላደረገውም። ተቃዋሚ አበዛህ እንዳይለው ግምቱን ዝቅ፣ ከዚያም ይበልጥ ዝቅ አደረገው። በአንድ ምት የሚወጣው ግማሽ ኦንስ ይሁን፤ ይህም በዛ ከተባለ የኦንስ ስምንተኛ እጅ ብቻ ይሁን አለ፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ልብ በግማሽ ሰዓት ከ1000 ጊዜ በላይ፣ በአንዳንድ ሰው 2000፣ 3000፣ እስከ 4000 ጊዜ ድረስ እንደሚመታ ያውቅ ነበር፤ ስሌቱን ግን በዝቅተኛው በ1000 ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ማባዛት ብቻ ነው። 1000 ጊዜ ግማሽ ኦንስ 500 ኦንስ ይሆናል፤ ይህ በዛሬው ሚዛን ከ15 ኪሎ በላይ ነው። በመጨረሻው ትንሽ ግምት እንኳ 1000 ጊዜ አንድ ስምንተኛ 125 ኦንስ፣ ማለት 4 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ደም በግማሽ ሰዓት ከልብ ይወጣል። እኛ ስሌቱን እስከ 24 ሰዓት ብንቀጥለው ከ186 ኪሎ በላይ ይመጣል። እንግዲህ ጋሌኖስ እንዳለው ይህ ደም በየጊዜው ከምግብ የሚሠራ አዲስ ደም ከሆነ፣ ሰው በየቀኑ ክብደቱን ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ምግብ መብላት ይኖርበታል። ይህን የሚበላ ሰው የለም፤ ይህን ያህል ደም በአንድ ጊዜ የሚይዝ ሰውነትም የለም። ሐርቬ በበግ ላይም እንዲሁ አስልቶ፣ የበጉ ልብ በግማሽ ሰዓት የሚገፋው ደም በበጉ ሰውነት ካለው ደም ሁሉ እንደሚበልጥ አሳየ። ሥጋ ሻጮችንም ምስክር አድርጎ ጠራቸው፤ የበሬ አንገት ሲቆረጥ ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ደሙ ሁሉ ፈስሶ እንደሚያልቅ እነርሱ ያውቃሉና። ስለዚህ ከልብ የወጣው ደም ወደ ልብ ተመልሶ ዳግመኛ የሚወጣ ካልሆነ በቀር ቁጥሩ ሊገጥም አይችልም።

ሐርቬ በዚህም አልበቃውም፤ ስሌቱ የተናገረውን በክንድ ላይ አሳየ። ክንድ በገመድ ጠብቆ ሲታሰር በእጅ ላይ ያለው ትርታ ይጠፋል፤ እጁም ይገረጣል፣ ይቀዘቅዛል። ማሰሪያው ጥቂት ሲላላ ግን ትርታው ይመለሳል፤ እጁም ይቀላል፣ ሥሮቹ ያብጣሉ። ምክንያቱም ወደ እጅ የሚወርደው የደም ቅዳ ጠልቆ ስላለ ሲላላለት ደሙ ያልፋል፤ ተመላሹ ሥር ግን ከቆዳው ሥር ስለ ሆነ ገና ታግዷል። እንዲሁም ያበጠውን ሥር በጣት ወደ ላይ ቢገፉት ደሙ ይሄዳል፤ ወደ ታች ቢገፉት መዝጊያው ይከለክለዋል።

ሐርቬ ይህን ሁሉ ወዲያው ለማሳተም አልቸኮለም። ከዘጠኝ ዓመት በላይ በባልደረቦቹ ፊት በተደጋጋሚ እያሳየ፣ ጥያቄያቸውን እየሰማና እየመለሰ ቆየ። በአገራችን የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በነበረበት በ1628 ስለ ልብና ስለ ደም እንቅስቃሴ የጻፈው የላቲን መጽሐፍ በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ታተመ። መጽሐፉ 72 ገጽ ብቻ ነበር።

የእውነት ዋጋ ግን ወዲያው ተከፈለው። ኦብሪ እንደሚተርከው መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ብዙ ሰው አእምሮው ተነክቷል ብሎ ስለ ጠረጠረው ወደ እርሱ ለሕክምና የሚመጣው ቁጥር እጅግ ቀነሰ። በ1630 ጄምስ ፕሪምሮዝ የሚባል ሐኪም የሚቃወመውን መጽሐፍ አወጣ። በ1636 ወደ ጀርመን በሄደ ጊዜ በአልትዶርፍ ለካስፓር ሆፍማን ምርመራውን በዐይኑ ፊት ቢያሳየውም ሰውየው አላመነም። በፓሪስ ስመ ጥሩ ሊቅ ዣን ሪዮላን የጋሌኖስን ትምህርት ለማዳን ታገለ። ሐርቬ ለተቃዋሚዎቹ ስድብን በስድብ አልመለሰም፤ ለሪዮላን በጽሑፍ የመለሰውም በ1649፣ መጽሐፉ ከታተመ ከ21 ዓመት በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት የደምን ዝውውር በ1637 በታተመ መጽሐፉ ተቀበለ፤ ስለ ልብ አመታት ግን ከሐርቬ ጋር አልተስማማም።

አስቀድሞ መርምሮ በኋላ የመፍረድ ልማዱ ከሕክምና ውጭም ሰውን ጠቅሟል። በ1634 ከላንካሺር አውራጃ በጥንቆላ የተከሰሱ አራት ሴቶች ወደ ለንደን ሲመጡ፣ በንጉሡ ትእዛዝ አዋላጆችና ቀዳጅ ሐኪሞች በሐርቬ መሪነት መረመሯቸው። ከሳሾች የጠንቋይ ምልክት ነው ያሉት ነገር በሰውነታቸው ላይ አልተገኘም።

በ1642 በንጉሡና በፓርላማው መካከል የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሐርቬ ከንጉሡ ጋር ነበረ። በኤጅሂል ጦርነት ቀን የንጉሡን ሁለት ልጆች እንዲጠብቅ ዐደራ ተሰጥቶት፣ በአጥር ሥር ተቀምጦ መጽሐፍ ያነብ እንደ ነበረ፣ የመድፍ ጥይት በአጠገቡ ሲያርፍ ቦታውን እንደ ለወጠ ኦብሪ ይተርካል። በዚያው ጦርነት ዘመን ግን ወታደሮች የለንደን መኖሪያውን በረበሩት፤ በብዙ ዓመት ድካም ያከማቸው የምርመራ ጽሑፍም ጠፋበት። ከደረሰበት ኀዘን ሁሉ ይህ እንደ በረታበት ይነገራል። የዘረፉት ሰዎች ምን እንደ ዘረፉ አላወቁም፤ ለእነርሱ ወረቀት ብቻ ነበረ።

በስተርጅና ዘመኑ ክብር ተመለሰለት። በ1651 ስለ እንስሳት መወለድና ስለ ዕንቁላል እድገት የጻፈው ሁለተኛው ታላቅ መጽሐፉ ታተመ። በ1654 የሐኪሞች ኮሌጅ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ቢመረጥ ስለ እርጅናው አመስግኖ አልተቀበለም፤ ለኮሌጁ ግን ቤተ መጻሕፍት አሠርቶ ሰጠ። ጁን 3 ቀን 1657 በ79 ዓመቱ ዐረፈ፤ በኤሴክስ አውራጃ በሄምፕስቴድ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

አንድ ነገር ሳያይ ሞተ። ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ተመላሹ ሥር በምን መንገድ እንደሚሻገር ሐርቬ በዐይኑ አላየም፤ መንገድ እንዳለ የነገረው ስሌቱ ነው። ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1661፣ ኢጣልያዊው ማርቼሎ ማልፒጊ የእንቁራሪትን ሳምባ በማጉያ መነጽር ሲመለከት ከፀጉር የቀጠኑትን የደም ሥሮች አገኘ። ዐይን ያልደረሰበትን ቁጥር አስቀድሞ ደርሶበት ነበር ማለት ነው።

ከእርሱ በኋላ የደምን ነገር በቁጥር የመመርመር ሥራ አልተቋረጠም። እንግሊዛዊው ቄስ ስቲፈን ሄልስ ከፈረስ የደም ቅዳ ጋር ረጅም የመስተዋት ቧንቧ አገናኝቶ ደሙ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ላይ ሲወጣ ለካ፤ ይህንም በ1733 አሳተመ። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1775 ደም በሚለጠጥ ቧንቧ ውስጥ ስለሚፈስበት ሁኔታ የሒሳብ ቀመር አዘጋጀ። በ1840ዎቹ ፈረንሳዊው ሐኪም ፕዋዜይ ፈሳሽ በቀጭን ቧንቧ ሲያልፍ የቧንቧው ስፋት በግማሽ ቢቀንስ የሚያልፈው ፈሳሽ ወደ አሥራ ስድስተኛ እጅ እንደሚወርድ በመለካት አረጋገጠ። ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ በ1899 ታላላቆቹ የደም ቅዳዎች ልብ ሲገፋ ተለጥጠው፣ ልብ ሲያርፍ ተሰብስበው ደሙን እንደሚያስቀጥሉ በቀመር ገለጠ። ዛሬ ሊቃውንት የአንድን በሽተኛ ልብ በኮምፒዩተር በቀመር መስለው እስከ ማጥናት ደርሰዋል። የዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ደረጃ ያ የግማሽ ሰዓት ማባዛት ነው።

ከዚያች የክፍል ቀን ወዲህ ትምህርቱን በሌላ መንገድ እጀምራለሁ። ተማሪዎቹ ጣታቸውን በእጃቸው አንጓ ላይ አድርገው ለአንድ ደቂቃ ትርታቸውን ይቆጥራሉ። ብዙዎቹ ወደ 70 ይደርሳሉ። ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም እንደሚገፋ እነግራቸውና ያባዛሉ፤ በደቂቃ አምስት ሊትር ያህል ይመጣል። በግማሽ ሰዓት ሲያሰሉት ወደ 150 ሊትር ይቀርባል። ከዚያ በሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ደም በጠቅላላው አምስት ሊትር ገደማ መሆኑን እነግራቸዋለሁ፤ ሌላ ነገር አልጨምርም። ጥቂት ዝምታ ይሆናል፤ ቀጥሎም አንዱ፣ እንግዲያውስ ያው ደም ነው የሚዞረው ማለት ነው ብሎ ይነሣል። በዓል ሲደርስ ደግሞ ከታረደው በግ ልቡን ይዞ የሚመጣ ተማሪ አይጠፋም፤ በምላጭ ከፍተን መዝጊያዎቹን እናያለን፤ ውኃ አፍስሰንም በየት እንደሚያልፍና በየት እንደሚከለከል እንፈትናለን። ለዚህ ቤተ ሙከራ አያሻም፤ ገንዘብም አያስፈልግም።

ሐርቬ ከጋሌኖስ የበለጠ መጽሐፍ ስላነበበ አላሸነፈም፤ ተቃዋሚዎቹም ያልተማሩ አልነበሩም። ልዩነቱ እርሱ ቁጥሩን ከሚገባው በታች ዝቅ አድርጎ፣ ለተቃዋሚው አድልቶ አስልቶ፣ እንዲያም ሆኖ እውነቱ ጸንቶ መቆሙን ማሳየቱ ነው። የማባዛት ሠንጠረዥን ለልጆች የምናስተምር መምህራን በእጃችን ያለው መሣሪያ ይህን ያህል ኀይል እንዳለው ብናውቅ፣ ተማሪው በምን እናውቃለን ብሎ በጠየቀን ጊዜ መጽሐፉን ከማሳየታችን በፊት የገዛ እጁን ትርታ እንዲቆጥር እንጠይቀው ነበር። ያ ተማሪዬ ዛሬ መምህር ነው፤ ይህ ጽሑፍ ከደረሰው መልሱ እንደ ዘገየ ይቅርታ ያድርግልኝ።